ቤትሆቨንን የገደለው እርሳስ ነው፣ መጠጥ ነው ወይስ ሌላ?

የፒያኖ አስተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪም ወይም የላብራቶሪ ባለሙያ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ሙዚቃ ወዳድ የሆነም ይግባበት።

ልጆች ፒያኖ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪዬ የቤትሆቨንን ቀላል ቁራጭ ተጫውቶ ሲጨርስ፣ ሁሌ እንደምለው «እሱ እኮ በእርሳስ ተመርዞ ነው የሞተው፣ ጆሮውንም የደፈነው እርሳሱ ነው» አልኳቸው። (እርሳስ ስል የሚጻፍበትን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለቴ ነው።) እኔም ተማሪ ሳለሁ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ፀጉሩ ተመርምሮ የተረጋገጠ፣ ያለቀለት ጉዳይ ነበር የሚመስለኝ። ከኋላ የተቀመጠች የ15 ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ያ ፀጉር የሱ አይደለም ተብሏል፣ የሴት ነው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ። ምን ልበል?

ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ልጅቷ ልክ ናት። በ2023 ተነግሯል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እሺ ብዬ ተቀብዬ ማንበቤን ስቀጥል ደግሞ በ2024 ሌላ ፀጉር ተመርምሮ እርሳስ ሞልቶበት ተገኘ ይላል። አሁን ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንዱ ጋ እርሳስ አይደለም፣ አንዱ ጋ እርሳስ ነው፣ ሌላው ጋ ጉበት ነው፣ ሌላው ጋ ጠጪ ስለነበር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ቂጥኝ ነበረበት ይላል።

በቀጥታ ልጠይቅ። ሰውየውን የገደለው ምንድን ነው? እርሳሱስ ከየት መጣ? ከሁሉም በላይ ጆሮው ምን ሆኖ ነው የጠፋው? ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠብቁኛል። ያልተጣራ ነገር አስተምሬያቸው እንዲያው መተው አልፈልግም።


የላብራቶሪ ሰው፦

እህቴ፣ ያቺን ልጅ አመስግኚልኝ። ስለ ፀጉሩ እኔ ልንገርሽ፤ ስለ ሕመሙ ሐኪሞች ይመለሱበት።

በዚያ ዘመን የታላቅ ሰው ፀጉር ቆርጦ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር። አሁን ፎቶ እንደምንነሳው ማለት ነው። ቤትሆቨን ሲሞት ሊሰናበቱት የመጡት ሰዎች እየቆረጡ ወሰዱ። ፈርዲናንድ ሂለር የሚባል የ15 ዓመት ልጅ፣ በኋላ ራሱም የታወቀ ሙዚቀኛ የሆነ፣ በነጋታው ቆርጦ ወሰደ ተብሎ በስሙ የሚጠራ አንድ የፀጉር ቁራጭ ነበር። በ1994 ጨረታ ላይ ተሽጦ አሜሪካ ገባ። ተመራማሪዎች መረመሩት፣ እርሳሱ በጣም ከፍተኛ ሆነ፣ በ2000 ለዓለም ተነገረ። አንቺ ተማሪ ሳለሽ የሰማሽው ይህን ነው። ምርመራው ራሱ ስህተት አልነበረበትም። ፀጉሩ ውስጥ እርሳስ ነበረ። ፀጉሩ ግን የቤትሆቨን አልነበረም።

ይህ የታወቀው በዲኤንኤ ነው። በ2023 የታተመው ጥናት የሱ ናቸው የተባሉ 8 የፀጉር ቁራጮችን ሰብስቦ መረመረ። 5ቱ የአንድ ሰው ሆነው ተገኙ፣ ያ ሰው ወንድ ነው፣ የዘር ግንዱም ከትውልድ አገሩ ከጀርመን ጋር ይሄዳል፣ ፀጉሮቹ ከእጅ ወደ እጅ የሄዱበት ታሪክም በደንብ ይታወቃል። የሂለር የተባለው ግን የሴት ፀጉር ሆነ። ማን እንደሆነች አይታወቅም። በ200 ዓመት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተቀይሯል ወይም መጀመሪያም የሱ አልነበረም። 20 ዓመት ሙሉ ስለ ቤትሆቨንና ስለ እርሳስ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የቆመው የአንዲት ሴት ፀጉር ላይ ነበር። እኔ በሙያዬ ናሙና ላይ ስም መለጠፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው ብዬ ስለማምን ይህ ነገር ውስጤን ይነካዋል። ማሽኑ የፈለገውን ያህል ጥሩ ይሁን፣ ናሙናው የሌላ ሰው ከሆነ ውጤቱ ለዚያ ለሌላው ሰው ነው።

አሁን ወደ 2024 ልምጣ። ትክክለኛ ከተባሉት 5 ውስጥ 2ቱ ለእርሳስ ተመረመሩ። በአንዱ በግራም ፀጉር 258 ማይክሮግራም፣ በሌላው 380 ማይክሮግራም ተገኘ። ጤነኛ የሚባለው ከ4 በታች ነው። በአንዱ 64 እጥፍ፣ በሌላው 95 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። አርሴኒክና ሜርኩሪም ከተለመደው በላይ ነበሩ፣ ግን የእርሳሱን ያህል አይደለም። ስለዚህ «እርሳስ ነበረበት» የሚለው አሮጌ ወሬ በተሳሳተ ፀጉር ተነግሮ፣ በትክክለኛው ፀጉር ደግሞ እውነት ሆኖ ተገኘ። «ገደለው» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ያንኑ ጥናት የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከፀጉሩ ተነስተው በደሙ ውስጥ የነበረውን ሲያሰሉ በዴሲሊትር ከ69 እስከ 71 ማይክሮግራም አካባቢ መጣላቸው። ይህ ሰው የሚያሳምም መጠን ነው። ብቻውን ለመግደል ግን አይበቃም ብለው ነው የደመደሙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቹ ይወዱታል። ከሁለቱ ፀጉሮች አንዱ አንቶን ሃልም ከሚባል ፒያኒስት የመጣ ነው። የሃልም ሚስት የቤትሆቨንን ፀጉር ብትለምን ሰዎች የፍየል ፀጉር ሰጥተው አታለሏት። ቤትሆቨን ይህን ሲሰማ ተናደደ። ራሱ ቆርጦ «ይኸውላችሁ፣ የኔ ይህ ነው» ብሎ ለሃልም ሰጠ። ከሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1826 ነው። በገዛ እጁ ቆርጦ የሰጠው ፀጉር ነው ከ200 ዓመት በኋላ የመሰከረለት።


የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

የላብራቶሪው ወንድማችን በደንብ አስረድቷል። ከጉበቱ ልቀጥል፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ቤትሆቨን የሞተው ማርች 26 ቀን 1827 ቪየና ውስጥ ነው፣ በ56 ዓመቱ። በማግስቱ ዶክተር ዮሃን ዋግነር አስከሬኑን መረመረ። የጻፈው ሪፖርት ዛሬም አለ። እኔ ሳነበው የዛሬ ታካሚ ካርድ የማነብ ነው የመሰለኝ። ጉበቱ ተጨማዶ ግማሽ ያህል ሆኗል፣ እንደ ቆዳ ጠንክሯል፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ሄዷል፣ ላዩ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች አሉበት። ጣፊያው ከእጥፍ በላይ አድጓል፣ ጠቁሯል። ቆሽቱ ትልቅና ደረቅ ነው። ሆዱ ውስጥ የደፈረሰ ውሃ ተጠራቅሟል። ይህን ለማንኛውም የሕክምና ተማሪ ብታነቢለት «ሲሮሲስ» ብሎ ይመልስልሻል። የጉበት ጠባሳ ማለት ነው። ጉበት ለዓመታት ሲጎዳ ይቆይና ይጠባል፣ ይጠጥራል፣ ደም እንደ ልቡ አያሳልፍም። ደሙ ወደ ኋላ ሲመለስ ጣፊያው ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል።

ሕመሙም በአንድ ቀን አልመጣም። ከ20ዎቹ ዕድሜው ጀምሮ ሆዱን ያመው ነበር፤ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ እየሄደ እየመጣ ዕድሜ ልኩን አሰቃይቶታል። በ1821 የወፍ በሽታ ያዘው፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሆነ። እኔ የጉበቱ የመጀመሪያ ግልጽ ምልክት ይህ ነው እላለሁ። በ1825 ደግሞ በጣም ታመመ፣ ደም ከአፍንጫውና ከአፉ ይመጣበት ነበር፣ ሐኪሙ ወይንና ቡና ከለከለው። ተሻለው፣ ትንሽ ተነፈሰ።

ከዚያ የ1826 መጨረሻ መጣ። ወንድሙ ቤት ግናይክሰንዶርፍ የሚባል ገጠር ሰንብቶ ነበር። እዚያ እያለ እግሩ ማበጥ ጀምሮታል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ውሃ ይጠማዋል። በዲሴምበር ብርድ በክፍት ጋሪ ወደ ቪየና ተጓዘ። መንገድ ላይ እሳት በሌለው ክፍል አደረ፣ ሌሊቱን አንቀጠቀጠው። ዶክተር አንድሪያስ ቫቭሩክ ሲደርስለት የሳንባ ምች ይዞታል። ከዚያ ትንሽ አገገመ ሲባል ቢጫ ሆነ፣ አስመለሰው፣ ሆዱ ተነፋ። ዲሴምበር 20 የመጀመሪያው ውሃ ከሆዱ ተቀዳ። ሦስት ጊዜ ደግሞ ተደገመ። የመጨረሻው ፌብሩዋሪ 27 ነው።

ውሃ መቅዳት ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገር። እኔ በዋርድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ እምብርቱ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ታካሚው ጋደም ማለት አይችልም፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ከሆዱ በታች በግራ በኩል አደንዝዤ በቀጭን መርፌ እገባለሁ። ጠጅ የመሰለ ፈሳሽ በቱቦው ይወርዳል። ሊትር በሊትር ሲሞላ ታካሚው ሲተነፍስ ይታያል፣ ፊቱ ይፈታል። ብዙዎቹ እጄን ይይዙኛል። ለቤትሆቨን ማደንዘዣ አልነበረም። መሣሪያውን ማንም አልቀቀለውም፣ ጀርም የሚባል ነገር ያኔ አይታወቅም። በወፍራም መሣሪያ ሆዱን ወጉት፣ የመጀመሪያው ቀን ብቻ 25 ፓውንድ የሚመዝን ውሃ ወረደ። እሱ ግን ለቀዶ ሐኪሙ «ፕሮፌሰር፣ ዓለቱን በበትሩ የመታውን ሙሴን ያስታውሱኛል» አለው ይባላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያደረኩላቸው ሰዎች ፊት ይመጣብኛል። እፎይታው እውነተኛ ነው። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው እንጂ።

ጉበቱን ምን አበላሸው ወደሚለው ልምጣ። የ2023ቱ ጥናት ሦስት ነገር ይሰጠናል። አንደኛ፣ ፀጉሩ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተገኝቷል። ከመሞቱ ቢያንስ ከጥቂት ወራት በፊት ተይዞ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በዘር የመጣ አደጋ ነበረበት። ጉበትን ለጠባሳ የሚያጋልጥ አንድ የዘረ መል ለውጥ ከእናትም ከአባትም ወርሷል፣ ብረት በሰውነት እንዲከማች የሚረዳ ሌላ ለውጥም ነበረበት። ሦስተኛ መጠጥ ነው። በየቀኑ ከምግቡ ጋር ወይን ይጠጣ ነበር። ለዚያ ዘመንና ለዚያ ከተማ ሰካራም የሚያስብል አይደለም። ለሱ ጉበት ግን ትንሹም ብዙ ነበር። ሦስቱ ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን በየሳምንቱ አያለሁ። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት 70 ዓመት ይኖር ነበር።

የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ያልኳቸው እብጠቶችም አንድ ነገር ይጠቁማሉ። በመጠጥ ብቻ የተጎዳ ጉበት ብዙውን ጊዜ ደቃቅ ደቃቅ እብጠት ነው የሚያወጣው። ተለቅ ያለው ቫይረስ ካለበት ጉበት ጋር ይበልጥ ይሄዳል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ከቫይረሱ መገኘት ጋር ሲደመር ግን እኔን ያሳምነኛል።

ስለዚህ እህቴ፣ ለልጆቹ «በጉበት በሽታ ሞተ» በያቸው። ቂጥኝ የሚለውን ተይው፣ አስከሬኑም ፀጉሩም አይደግፈውም።


ተከራካሪው፦

ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ዘለሉ። ሐኪሞቹም እኮ ገድለውታል! አራት ጊዜ በቆሸሸ መሣሪያ ሆዱን ወጉት። ከመጀመሪያው በኋላ ቁስሉ አልዘጋ ብሎ አልጋው ላይ ውሃ ይፈስ ነበር፣ አመረቀዘ። ከዚያ ደግሞ ማልፋቲ የሚባለው ሐኪም መጣና በበረዶ የቀዘቀዘ መጠጥ አዘዘለት። አልኮል ያለበት! ጉበቱ አልቆ ለሚሞት ሰው አልኮል ይታዘዛል? እርሳሱንም ቢሆን ከመድኃኒቱ ነው የወሰደው የሚሉ አሉ፣ ያኔ ቅባቱም ፕላስተሩም እርሳስ ነበረበት። ሕክምና ባይደርስበት ይሻለው ነበር ባይ ነኝ።


የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ወንድሜ፣ ስለ ቁስሉ ያልከው ልክ ነው። ቁስሉ ተበክሏል፣ ይህም አዳክሞታል። አልከራከርህም። ግን ውሃው ባይቀዳ ዲሴምበር ላይ ታፍኖ ይሞት ነበር። ሦስት ወር ያገኘው በዚያ ነው።

የማልፋቲን መጠጥ በተመለከተ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ማልፋቲ የመጣው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ያኔ የሚተርፍ ታካሚ አልነበረም። መጠጡን ከወሰደ በኋላ ለጥቂት ቀናት ተኛ፣ ላብ አላበው፣ ስሜቱ ተመለሰ፣ ሥራ ልጀምር ብሎ ማሰብ ጀምሮ ነበር። ኋላ አበዛው፣ ሆዱን አመመው፣ ተከለከለ። ማልፋቲ ሊያድነው እንደማይችል አውቆ ያደረገው ይመስለኛል። ዛሬም የማይድን ታካሚ የሚወደውን ነገር ቢለምነኝ አልከለክልም።

እርሳሱ ከየት መጣ ለሚለው፣ መድኃኒቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ግን ወይኑን አትርሳ። ያኔ ርካሽ ወይን እንዲጣፍጥና እንዳይጎመዝዝ እርሳስ ይጨመርበት ነበር። «የእርሳስ ስኳር» የሚባል ነገር አለ፣ እውነትም ይጣፍጣል። ዕቃውም እርሳስ ያለበት ነበር። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠጣ ለዓመታት ከቆየ ፀጉሩ ውስጥ የተገኘው መጠን አይገርምም። ቁርጠቱንም በከፊል እርሳሱ ያመጣው ሊሆን ይችላል። የእርሳስ ቁርጠት አንጀት የሚበጥስ ነው፣ ያየ አይረሳውም።


ጋሽ መስሚያ ለባሹ፦

ልጆቼ፣ ስለ ጉበት ብዙ ብላችኋል። ልጄ አስተማሪዋ ከሁሉም በላይ የጠየቀችው ግን ስለ ጆሮው ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጆሮዬ ከደከመ ግን 19 ዓመቴ ነው። መስሚያ መሣሪያ እለብሳለሁ። ስለዚህ ቤትሆቨን በ1801 ለጓደኛው ለዶክተር ቬገለር የጻፈውን ደብዳቤ ከእናንተ በተለየ ዓይን ነው ያነበብኩት።

ምን ይላል መሰላችሁ? ጆሮው ሌት ተቀን ይጮህበታል። ቲያትር ቤት ሲገባ ተዋናዩን ለመረዳት ከኦርኬስትራው አጠገብ መጠጋት አለበት። ራቅ ካለ የመሣሪያዎቹና የድምፅ ከፍተኛው ኖታ አይሰማውም። ሰው ቀስ ብሎ ሲያወራ ድምፁ ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን አይገባውም። ሰው ከጮኸ ደግሞ አይችለውም። ይህን ሳነብ ወረቀቱ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ይህ የኔ ሕይወት ነው! ቤተሰቤ ሲሰበሰብ ድምፅ ይሰማኛል፣ ምን እንደሚባል አይገባኝም፣ ሰዎች ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። አንዱ «አይሰማም» ብሎ ሲጮህብኝ ጆሮዬ እንደ ቢላ ይወጋኛል። የኔ ሐኪም እንዳስረዳችኝ ይህ ከውስጠኛው ጆሮና ከነርቩ የሚመጣ ነው። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ኤስ፣ ኤፍ፣ ቲ የመሳሰሉት ድምፆች ሲጠፉ ንግግሩ ጭቃ ይሆናል።

በዚያው ደብዳቤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው መራቁን ይናገራል። ለሰዎች «ደንቆሮ ነኝ» ማለት አይችልምና። ሌላ ሥራ ቢኖረው ይቻለው ነበር፣ በሱ ሥራ ግን አስፈሪ ነገር ሆነበት። ያኔ 30 ዓመቱ ነው።

በ1814 ሰው ፊት ፒያኖ ሲጫወት የሰሙት ሰዎች፣ ጮክ ባለው ቦታ ሽቦው እስኪንቀጫቀጭ ይመታ ነበር፣ ቀስ ባለው ቦታ ደግሞ ከማለሳለሱ የተነሳ ኖታዎቹ ጭራሽ አይሰሙም ነበር ይላሉ። እሱ የሚያውቀው ጣቱን እንጂ ድምፁን አልነበረም። ከ1818 ጀምሮ እንግዶቹ ደብተር ላይ እየጻፉለት ነው የሚያነጋግሩት። በ1824 ዘጠነኛው ሲምፎኒ ሲቀርብ ጭብጨባውን ስላልሰማ ዘፋኟ ካሮሊን ኡንገር እጁን ይዛ ወደ ሕዝቡ አዞረችው። ይህን ታሪክ ሁሉም ይወደዋል። እኔ ግን በዚያ ቅጽበት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ምን ያስብ ነበር እላለሁ።

ዶክተር፣ ይህን ጆሮ ምን ነካው? እርሳስ ነው?


የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ጋሼ፣ ሐኪምዎ ያሉት ልክ ነው፣ እርስዎም ከኔ በተሻለ አስረድተዋል። ድምፅ ይሰማል ቃል አይሰማም፣ ቀስታው አይሰማም ጩኸቱ ያማል፤ ይህ የውስጠኛ ጆሮ ጉዳት ነው።

መንስኤውን በተመለከተ በእውነት ልንገርዎ። የዲኤንኤ ጥናቱ ለመስማት ችግሩ የታወቀ የዘር ምክንያት አላገኘም። እርሳስ ነርቭን ይጎዳል፣ የመስማት ነርቭንም ጨምሮ፣ ስለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል ቢባል እቀበላለሁ። ብቻውን ግን አይመስለኝም። በእርሳስ የተመረዘ ሰው ብዙ ጊዜ እጁ ወይም እግሩ ይዝላል፣ እሱ ግን ጣቶቹ እስከ መጨረሻ ይሠሩ ነበር።

ዋግነር አስከሬኑን ሲመረምር ጆሮውን በተለይ አይቷል። የመስማት ነርቮቹ ተጨማደው ነበር፣ የግራው ከቀኙ ይበልጥ ቀጥኖ ነበር። በደንብ ለመመርመር የጆሮውን አጥንቶች ቆርጦ አወጣ። እነዚያ አጥንቶች ጠፉ። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ፀጉሩ ስለ ጉበቱ ተናገረ፣ ስለ ጆሮው ሊናገሩ የሚችሉት ሁለት አጥንቶች ግን የሉም። ዛሬ ቢኖሩ በሲቲ ስካን ተነስተው ውስጠኛው ጆሮ ላይ አጥንት ያለ ቦታው አድጎ ነበር ወይስ አላደገም የሚለው ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ይታወቅ ነበር።


የላብራቶሪ ሰው፦

ጋሼ ስለ ደብዳቤ ካነሱ አይቀር አንድ ሌላ ወረቀት አለ። ኦክቶበር 6 ቀን 1802 ከቪየና ወጣ ብላ ባለች ሃይሊገንሽታት በምትባል መንደር ሆኖ ለወንድሞቹ የጻፈው ነው። አልላከውም። እስኪሞት ወረቀቶቹ መሀል ነበር። እዚያ ውስጥ ሞትን እንደተመኘና ያቆመው ሙዚቃው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥያቄ አለ። ስሞት ዶክተር ሽሚት በሕይወት ካለ ሕመሜን እንዲጽፍ ለምኑት፣ ይህንንም ወረቀት ከሕመሜ ታሪክ ጋር አያይዙት ይላል። ቢያንስ ከሞትኩ በኋላ ሰዎች ከኔ ጋር እንዲታረቁ ነው ያለው። ኩሩ፣ ሰው የማይወድ፣ ግትር ሲሉት የነበሩት ሁሉ አለመስማቱን አያውቁም ነበርና።

ዶክተር ሽሚት በ1809 ሞተ። ከቤትሆቨን 18 ዓመት ቀደመ። ስለዚህ ያን የሕመም ታሪክ ሽሚት ሳይጽፈው ቀረ። የፀጉሩን ጥናት የሠሩት ሰዎችም ይህን የራሱን ጥያቄ ነው መነሻ ያደረጉት። ስለ ሞተ ሰው በሽታ መፈተሽ አግባብ አይደለም የሚል ካለ፣ ታካሚው ራሱ ለምኗል።


የፒያኖ አስተማሪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ።

ዶክተር በ1825 ታምሞ ተሻለው ያሉት ነገር አንድ ነገር አገናኘልኝ። ከዚያ ሕመም እንደተነሳ ነው የሥራ ቁጥሩ (ኦፐስ) 132 የሆነውን ኳርቴት፣ ማለትም ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የጻፈውን ሙዚቃ፣ ሦስተኛ ክፍል የጻፈው። ከሕመም ያገገመ ሰው ለአምላክ የሚያቀርበው የምስጋና መዝሙር ብሎ ራሱ ርዕስ ሰጥቶታል። በጣም ዝግ ያለ ነው፣ አንድ ኖታ ለቆ ሌላውን ለመያዝ የሚፈራ ይመስላል። ከዚያ መሀል ላይ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ይገባል፣ እዚያ ላይ «አዲስ ኃይል እየተሰማው» ብሎ ጽፎበታል። እስካሁን እንደ ጸሎት ነበር የምሰማው። አሁን ግን ያ ሆዱ ተሽሎት፣ ደሙ ቆሞለት፣ ከአልጋው ተነስቶ የቆመ ሰው ይታየኛል። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቀረው ማለት ነው።

ለልጆቹ የማስረዳው እንዲህ ነው። ተሳስቼ ነበር፣ ፀጉሩ የሌላ ሰው ነበር ብዬ እጀምራለሁ፣ ልጅቷንም በስሟ ጠርቼ አመሰግናታለሁ። ከዚያ የፍየሉን ፀጉር ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ስለ ጉበቱ ባጭሩ፣ ትንንሾቹ እንዳይፈሩ። ከዚያ የጋሼን ጽሑፍ፣ ጋሼ ከፈቀዱልኝ፣ እንዳለ አነብላቸዋለሁ።


ጋሽ መስሚያ ለባሹ፦

ፈቅጃለሁ ልጄ። አንድ ነገር ግን ጨምሪበት። የልጅ ልጄ ቫዮሊን ይማራል። ባለፈው እሁድ እቤት መጥቶ ሲጫወትልኝ ከፍተኛው ኖታ ላይ ቀስቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድምፁ ግን አልመጣም። ጣቱን አየሁና የቀረውን በሐሳቤ ሞላሁት። ሲጨርስ «ሰማኸው አያቴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እናም ሰምቼዋለሁ።